«በምን ታወቀ?»፦ ከአንድ የጠፋ የባሕር እንስሳ አጥንት የምንማረው



የተከበራችሁ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ስለጠፋና ሰው በዓይኑ አይቶት ስለማያውቅ አንድ የባሕር እንስሳ ነው። ወደ እሱ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ጥፋታችንን እንናገር፤ ርዕሱን የመረጥነው በእሱ ምክንያት ነውና።

ባለፈው ሴሚስተር በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ፎቶ ተለጠፈ። መሬቱ ተቆፍሯል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የግዙፍ ሰው አጽም ተጋድሟል፤ አጠገቡ ያለው ቆፋሪ የራስ ቅሉን እንኳ አያክልም። ከሥሩ «የዓድ ሕዝቦች አጽም በዐረብ በረሃ ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እኛ የዝግጅት ክፍሉ አባላት «ሱብሓነላህ» ብለን ወዲያውኑ አስተላለፍነው። ከመካከላችን «ይህ በምን ታወቀ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ የፍሬሽማን ወንድማችን እኛን አምኖ ፎቶውን በክፍል ውስጥ ባቀረበው የቡድን ሥራ ላይ አስገባው። ገና ንግግሩን ሳይጨርስ ከተማሪዎቹ አንዱ በስልኩ ፈልጎ የፎቶውን ምንጭ አወጣ። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ2002 በኢንተርኔት ላይ ለተካሄደ የፎቶ ማቀናበር ውድድር በኮምፒውተር የተሠራ ነው። መነሻ የሆነው ትክክለኛ ፎቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ሃይድ ፓርክ በሚባል ቦታ ማስቶደን የተባለ የጠፋ የዝሆን ዘመድ አጥንት ሲቆፈር የተነሣ ነው። አቀናባሪው የሰው አጽም አስገባበት፤ ሌሎች ደግሞ ታሪክ ጨመሩበት።

ወንድማችን በክፍሉ ፊት አፈረ። ለብዙ ሳምንታት በዚያ ክፍል እጁን አውጥቶ አልተናገረም። ጥፋቱ ግን የእኛ እንጂ የእሱ አልነበረም። የዓድ ታሪክ ቁርኣን ውስጥ ያለ ነው፤ እውነቱ በኮምፒውተር በተሠራ ፎቶ አይጸናም፣ ፎቶው ሲጋለጥም አይናድም። እኛ ግን ልናምነው የምንፈልገው ነገር ስለሆነ ብቻ ሳንመረምር ተቀበልነው። እውነትን በሐሰት ለመደገፍ የሞከረ ሰው የሚያተርፈው ሐሰቱ የተጋለጠ ዕለት እውነቱንም በሰዎች ዘንድ ማስጠርጠር ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንማረው ስለ ሌላ አጥንት ነው። ይኼኛው ለማመን ከዚያ ፎቶ የባሰ ይከብዳል፤ ሥዕሉን ያሳየናቸው ጓደኞቻችን «ይህ ደግሞ የተቀናበረ ነው» ብለውናል። እንስሳው ግን በእርግጥ ነበረ። ለምን እንዲህ ለማለት እንደምንደፍር ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1. ፖርፖይዝ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ፖርፖይዝ በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም፤ ስለዚህ በዚሁ ስሙ እንጠራዋለን። ከዓሣ ነባሪና ከዶልፊን ጋር የሚመደብ አጥቢ እንስሳ ነው። ዓሣ ይመስላል እንጂ ዓሣ አይደለም፤ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ደሙ ሞቃት ነው፣ ልጁን ወልዶ ያጠባል።

ብዙ ሰው ከዶልፊን ጋር ያምታታዋል። ልዩነታቸው ግን ግልጽ ነው። ዶልፊን ብዙውን ጊዜ እንደ ምንቃር ወደ ፊት የወጣ አፍ አለው፤ የዛሬዎቹ ፖርፖይዞች አፍ ደግሞ አጭርና ደብዛዛ ነው። የዶልፊን ጥርስ ሾጣጣ ሲሆን የዛሬዎቹ ፖርፖይዞች ጥርስ እንደ አካፋ ጫፍ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ፖርፖይዞች በአካል ከዓሣ ነባሪ ወገኖች ሁሉ ትንንሾቹ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል አካባቢ ትንንሽ ዓሦችንና እንደ ስኩዊድ ያሉ ለስላሳ አካል ያላቸውን እንስሳት ይመገባሉ።

አቅጣጫቸውንና ምግባቸውን የሚያገኙት ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። በሰሜናዊው የዓለም ክፍል ዳርቻዎች የሚኖረው የተለመደው ፖርፖይዝ የሚልከው ድምፅ ወደ 130 ኪሎኸርዝ ይደርሳል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው። ከጎናቸው ብንዋኝ እንኳ ንግግራቸው ለእኛ ጸጥታ ነው ማለት ነው።

2. አጥንቱ የተገኘው የት ነው?

ቦታው የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ነው። በደቡባዊው ጫፍ ባለችው የሳን ዲዬጎ ከተማና በአካባቢዋ፣ ዛሬ ቤትና አውራ ጎዳና ከተሠራበት መሬት ሥር፣ በአንድ ወቅት የባሕር ወለል የነበረ የአሸዋና የደለል ንብር አለ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች «የሳን ዲዬጎ ፎርሜሽን» ይሉታል። ዕድሜው ከ4.2 እስከ 1.6 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ ይገመታል። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ በዚያው የካሊፎርኒያ ዳርቻ «ፑሪሲማ» የሚባል ሌላ ንብር አለ፤ ዕድሜውም ከ5 እስከ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ነው። የእንስሳው ቅሪት የተገኘው በእነዚህ በሁለቱም ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ በክፍል ውስጥ ዘወትር የሚነሣ ስህተት እናርም። «ዕድሜውን በካርበን ለኩት» የሚባለው ትክክል አይደለም። የካርበን 14 ልኬት የሚያገለግለው እስከ ሃምሳ ሺህ ዓመት ገደማ ላለ ነገር ብቻ ነው። በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነገር ሲሆን በአብዛኛው የሚለካው አጥንቱ የተቀበረበት የድንጋይ ንብር እንጂ አጥንቱ ራሱ አይደለም፤ ለምሳሌ በንብሮቹ መካከል የተቀመጠ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ የባሕር ነፍሳት ቅርፊት፣ ድንጋዩ ሲፈጠር የመዘገበው የምድር መግነጢስ አቅጣጫ። ለዚህም ነው ቁጥሩ «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ የሚነገረው። አንድ ሰው እንዲህ ላለ ንብር ምንም ሳያብራራ አንድ ቁርጥ ያለ ዓመት ቢሰጠን መጠርጠር ያለብን እሱን ነው።

እንስሳው ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሬቸል ራሲኮት የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና «ከረንት ባዮሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ ገለጸችው። ስሙ «ሴሚሮስትረም ሴሩቲ» ይባላል። የመጀመሪያው ቃል በላቲን «ግማሽ ምንቃር» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው የሳን ዲዬጎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የመስክ ባለሙያ ለነበረው ለሪቻርድ ሴሩቲ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። የዚህ ሰው ዓይነት ባለሙያዎች ሥራ አለው የሚባል ክብር የለውም፤ መንገድና ቤት ሊሠራ መሬት ሲቆፈር ከማሽኑ አጠገብ በፀሐይና በአቧራ ቆመው ከአፈሩ ውስጥ አጥንት ብቅ ይል እንደሆነ ይጠባበቃሉ። ብዙ ቀን ምንም አያገኙም። በየመጽሐፉ የምናነበው ዕውቀት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ግን ከእነዚህ ዓይነት ሰዎች ትዕግሥት ነው።

3. በዓይን የታየው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የፊቅህ ኡሱል ትምህርት የቀመሳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ዑለማዎቻችን የዕውቀትን ደረጃ ይለያሉ። የቂን አለ፣ ዘን አለ፣ ሸክ አለ። እርግጠኛ የሆኑበት፣ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያደላ ግምት፣ ወደ የትኛውም ያላደላ ጥርጣሬ ማለት ነው። ሦስቱን የቀላቀለ ሰው ብያኔው ይበላሻል። አንድን አጥንት ስንመረምርም ይህ መለየት እጅግ ይጠቅመናል።

በመጀመሪያ ደረጃ የምናስቀምጠው ማንም ሰው ሙዚየም ሄዶ በዓይኑ ሊያየውና በእጁ ሊለካው የሚችለውን ነው።

አንደኛ፦ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው በጣም ይረዝማል። እጃችንን አገጫችን ላይ ብናደርግ የመንጋጋችን ግራና ቀኝ የሚገናኙበትን ቦታ እናገኛለን። በዚህ እንስሳ ይህ መጋጠሚያ ሁለቱ አጥንቶች አንድ ሆነው ተጣብቀው ወደ ፊት እንደ በትር ወጥቷል። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አልፎ ይህን ያህል የወጣበት አጥቢ እንስሳ፣ በሕይወት ካሉትም ሆነ ከጠፉት፣ ሌላ አይታወቅም። በዚያ ረጅም ክፍል ላይ ጥርስ የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፦ ተመራማሪዎቹ የራስ ቅሉን አልሰበሩትም፤ ሆስፒታል ውስጥ በምናውቀው ሲቲ ስካን ውስጡን አዩት። በዚያ ረጅም አገጭ ውስጥ ለውስጥ የሚሄዱ ረጃጅም ቀጫጭን ቦዮች አገኙ። እንዲህ ያሉ ቦዮች በመንጋጋ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍባቸው መንገዶች ናቸው።

ሦስተኛ፦ ከረጅሙ ክፍል በስተኋላ በታችኛው መንጋጋ ላይ ብዙ ትንንሽ ሾጣጣ ጥርሶች አሉ። እነዚህ ጥርሶች በውጭ በኩል፣ ወደ ከንፈር በሚያዩበት ጎን፣ በስላች ተሸርሽረዋል።

አራተኛ፦ የአንገቱ አጥንቶች እርስ በርስ አልተጣበቁም። በዛሬዎቹ ፖርፖይዞች ውስጥ በርከት ያሉት የአንገት አጥንቶች ተጣብቀው አንገታቸው ብዙም አይንቀሳቀስም። የትከሻውና የደረቱ አጥንቶችም ጠንካሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ብልህ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያነሣል። «ይህ ምናልባት አካለ ጎደሎ ሆኖ የተወለደ አንድ እንስሳ ቢሆንስ?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ ቀደም ብለን ባነሣነው ውስጥ አለ፤ ቅሪቱ የተገኘው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ርቀው በሚገኙ ሁለት የተለያዩ ንብሮች ውስጥ ያንኑ ቅርጽ የሚያሳይ ቅሪት ተገኝቷል። በሐዲስ ትምህርት አንድ ዘገባ በተለያዩ መንገዶች ሲመጣ እንደሚጠነክረው ሁሉ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ምስክሮች አንድ ነገር ሲናገሩ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ያ የቴሌግራም ፎቶ ግን አንድም ምስክር አልነበረውም። የተገኘበት ጉድጓድ፣ የቆፈረው ሰው፣ አጥንቱ የተቀመጠበት ቤት፣ አንዳቸውም አይታወቁም። ሺህ ጊዜ ቢተላለፍም ምንጩ ያው አንድ ነው።

4. ከታየው የተገመተው

ሁለተኛው ደረጃ ሚዛን የሚደፋ ግምት ነው። «እንስሳው በዚህ መንጋጋ ምን ይሠራ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ አጥንት በቀጥታ አይመልስም። ግን ከሚታወቅ ነገር ጋር በማነጻጸር ወደ መልሱ መቅረብ ይቻላል።

ተመራማሪዎቹ ያነጻጸሩት ከአንዲት ወፍ ጋር ነው። «ስኪመር» ትባላለች፤ በእኛም አህጉር ወንዞችና ሐይቆች ላይ የምትኖር ዝርያ አለቻት። የዚህች ወፍ የታችኛው ምንቃር ከላይኛው ይረዝማል። ከውኃው ገጽ ጋር ተስተካክላ እየበረረች የታችኛውን ምንቃሯን ውኃ ውስጥ አስገብታ ትሰነጥቀዋለች፤ ዓሣ ሲነካት በቅጽበት ትዘጋዋለች። የምትይዘው በመዳሰስ ነው። በምንቃሯ አጥንት ውስጥም በዚህ እንስሳ አገጭ ውስጥ የታዩትን የሚመስሉ ረጃጅም ቦዮች አሉ።

ነገሮቹን አንድ ላይ እናድርጋቸው። ረጅም አገጭ፣ በውስጡ የነርቭ መንገድ፣ በውጭ በኩል የተሸረሸረ ጥርስ፣ የሚንቀሳቀስ አንገት። ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ እንስሳው በባሕር ወለል አጠገብ እየዋኘ ረጅም አገጩን በአሸዋና በደለል ላይ ይጎትት፣ የተደበቀ ምግብ ሲነካው ይይዝ ነበር። ጥርሱን በጎን የሸረሸረው አሸዋው ነው። መብራት ሲጠፋ በዶርም ውስጥ ስልካችንን ከፍራሹ ሥር በጣታችን እንደምንፈልገው ዓይነት ነው፤ ጣት እዚያ ጊዜ ዓይን ይሆናል።

ይህ ግምት ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም አራት የተለያዩ ምልክቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ሆኖም ግምት ነው። የጥናቱ ባለቤቶች ራሳቸው የተጠቀሙበት አገላለጽ ምልክቶቹ «ይህን አተረጓጎም ይደግፋሉ» የሚል ነው። ከዛሬዎቹ ፖርፖይዞች ጋር ያለውን ዝምድና ሲናገሩም አጥንቶቹን አነጻጽረው የቅርብ ዘመዳቸው አድርገው አስቀምጠውታል፤ የማስረጃው ጥንካሬ ግን «መካከለኛ» መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። ሥራቸውን የበለጠ የምናምነው በዚህ ምክንያት ነው። የዕውቀቱን ልክ የሚናገር ሰው፣ ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው ይልቅ ሊታመን ይገባዋል። ዑለማዎቻችን ከፍርዳቸው በኋላ «ወሏሁ አዕለም» ሲሉ ያስተማሩን ይህንኑ አይደለምን?

5. አጥንት የማይናገረው

ሦስተኛው ደረጃ ዝም የሚባልበት ነው። የእንስሳው ቆዳ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? ብቻውን ነበር ወይስ በመንጋ ይኖር ነበር? ልጁን እንዴት ያሳድግ ነበር? አጥንት ስለ እነዚህ አይናገርም። በኢንተርኔት ላይ የምታዩዋቸው ባለ ቀለም ሥዕሎች የሠዓሊ ምናብ የተጨመረባቸው ናቸው። ሠዓሊው መንጋጋውን ሲሥል አጥንቱን ተከትሏል፤ ቀለሙን ሲቀባ ግን በሕይወት ያሉትን ዘመዶቹን አይቶ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው እኛ ሥዕሉን እንደ ፎቶ ስንቆጥረው ነው።

6. ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች እንዲህ ያለው ምርመራ የሌሎች ነገር ይመስላቸዋል። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖረውን አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒን እናስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. ከ973 እስከ 1048 ገደማ የኖረ የኸዋሪዝም ሰው ነው። «ተሕዲድ» በሚል አጭር ስም በሚታወቀው መጽሐፉ የከተሞችን አቀማመጥ ሲያሰላ ስለ ምድር መለዋወጥም ጽፏል። የዐረብ በረሃ በአንድ ወቅት ባሕር እንደነበረ ገልጾ፣ ማስረጃውን ከጉድጓድ አወጣ። ውኃ ሊያወጡ ሲቆፍሩ የአፈርና የአሸዋ የጠጠርም ንብር በንብር ሆኖ ይገኛል፤ ከውስጡ የሚወጡት ድንጋዮች ሲሰበሩም የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይታይባቸዋል። ያን ባሕር በዓይኑ ያየ ሰው እንደሌለ ቢሩኒ ያውቃል። ግን «በምን ታወቀ?» ለሚለው ጥያቄ በእጅ የሚያዝ መልስ ነበረው።

የእኛም አገር ተማሪ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። የሥነ ምድር ተማሪዎች ለመስክ ትምህርት ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ፣ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ያገኛሉ። ከዛሬው ባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ደጋው መካከል! ያ ድንጋይ ከፖርፖይዞች ዘመን እጅግ የቀደመ ነው፤ ስለዚህ ፖርፖይዝ አይገኝበትም። ቢሩኒ በበረሃው ጉድጓድ ያነበበውን ዓይነት ጽሑፍ ግን እዚያም ማንበብ ይቻላል። ከእናንተ መካከል የሄዳችሁ ካላችሁ በሚቀጥለው ሐለቃ ያያችሁትን አካፍሉን።

7. ገና በሕይወት ያለ ምስክር

ትምህርታችንን እዚህ ብንዘጋው ጎዶሎ ይሆናል። ሴሚሮስትረም ጠፍቷል፤ ብንጸጸትም አንመልሰውም። ግን አጥንቱ ከተገኘበት ከሳን ዲዬጎ ብዙም ሳይርቅ፣ በሜክሲኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ፣ አንድ ሌላ ፖርፖይዝ አለ። ቫኪታ ይባላል፤ በስፓኒሽ «ትንሿ ላም» ማለት ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዓለም ላይ ከዚያ ባሕረ ሰላጤ በቀር የትም አይገኝም።

የሚገርመው ቫኪታም ለሳይንስ የታወቀው መጀመሪያ በአጥንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተገለጸው ከተገኙ የራስ ቅሎች ተነሥቶ ነበር። በሕይወት መኖሩ የታወቀና በአጥንት የተጀመረ ታሪክ፣ አሁን በአጥንት ብቻ እንዳይጠናቀቅ ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በተደረገ ቆጠራ ቁጥሩ 567 ገደማ እንደሆነ ተገመተ። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ፍለጋ ባለሙያዎች ያዩት ከ10 እስከ 13 እንደሚሆን ገመቱ።

ቫኪታን ሆን ብሎ የሚያድነው ሰው የለም። የሚሞተው ለሌላ በተዘረጋ መረብ ተይዞ ነው። በዚያው ባሕር ቶቶአባ የሚባል ትልቅ ዓሣ አለ፤ በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት በቻይና ገበያ በከፍተኛ ዋጋ ይሸጣል። ዓሣ አጥማጁ ለቶቶአባ መረብ ይዘረጋል፤ ቫኪታ ይጠላለፍበታል። አየር ተንፋሽ ስለሆነ ወደ ላይ መውጣት ካልቻለ ታፍኖ ይሞታል። መንግሥት እንዲህ ያሉትን መረቦች ከልክሏል፤ ገበያው እስካለ ድረስ ግን በድብቅ መዘርጋታቸው አልቀረም። ጥፋቱን ሁሉ በድሃው ዓሣ አጥማጅ ላይ መጫንም ፍትሕ አይሆንም። የሚገዛው ሰው ያለው ባሕሩን ተሻግሮ ነው፤ ቫኪታ የሚባል ፍጡር መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

ምድር በእጃችን ያለች አማና ናት ብለን የምናምን ሰዎች ይህን ስንሰማ «ሩቅ ነው» ብለን ማለፍ አይገባንም። በሁለቱ ፖርፖይዞች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። ሴሚሮስትረም ሲጠፋ በዚያ ዳርቻ ሰው አልነበረም፤ ስለ እሱ አንጠየቅም። ቫኪታ ግን እኛ በሕይወት ባለንበት ዘመን፣ ቁጥሩ እየተቆጠረ፣ ምክንያቱም እየታወቀ ነው የሚያልቀው። እዚህ ላይ «በምን ታወቀ?» ተጠይቆ ተመልሷል። የቀረው ጥያቄ «ከታወቀ በኋላ ምን ተደረገ?» የሚለው ነው።

8. ወደ ዶርማችን ስንመለስ

ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን በተግባር ይዘን እንሂድ።

ሀ. ከማስተላለፋችን በፊት እንጠይቅ። ማን አየው? የት ተገኘ? አሁን የት ነው ያለው? ደስ የሚያሰኘን ነገር ሲሆን ደግሞ ሁለት ጊዜ እንጠይቅ፤ ስህተት በቀላሉ የሚገባው በወደድነው በር ነውና። እንግዳ የሆነብንን ነገርም እንግዳ ስለሆነ ብቻ ሐሰት አንበለው። እኛ የወደድነው ፎቶ ሐሰት ነበር፤ የተጠራጠርነው መንጋጋ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ።

ለ. በላብ ሪፖርታችንና በመመረቂያ ጽሑፋችን ያየነውን «አየን»፣ የገመትነውን «ገመትን» እንበል። ቁጥሩ አልስተካከል ሲል ከጓደኛ ገልብጦ ማስተካከል በዚህ ካምፓስ የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ ልማድ ግን ሐሰትን እውነት አያደርገውም። የተበላሸ ውጤት በሐቅ ተጽፎ ቢቀርብ ነጥብ ያጎድል ይሆናል። አማናን ግን አያጎድልም።

ሐ. ስንሳሳት በተሳሳትንበት ቦታ እንመለስ። ያን ፎቶ በግሩፑ ላይ አስተላልፈን ስለነበር ማረሚያውንም እዚያው ግሩፕ ላይ ለጥፈናል። የፍሬሽማኑን ወንድማችንንም ዶርሙ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ይህንን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ረቂቁን መጀመሪያ ያነበበው እሱ ነው። በየአንቀጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ይህ በምን ታወቀ?» እያለ ጽፎ መለሰልን። መልስ ያጣንላቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥተናቸዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስለ ሴሚሮስትረም ከተማራችሁት ውስጥ ሁለት በዓይን የታዩ ነገሮችንና አንድ ግምት ለይታችሁ ጻፉ። ግምቱን የሚደግፉት የትኞቹ ምልክቶች ናቸው?

2. ቅሪቱ የተገኘው በሳን ዲዬጎ ንብር ውስጥ ብቻ፣ ያውም አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ መደምደሚያችን እንዴት ይለወጥ ነበር?

3. ባለፈው ወር በስልካችሁ ካስተላለፋችሁት ውስጥ «በምን ታወቀ?» ብትባሉ መልስ የምታጡለት አለ? ምን ታደርጉበታላችሁ?

4. ቫኪታ ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? አጥማጁ፣ ነጋዴው፣ ገዢው ወይስ እያወቀ ዝም ያለው? ለእያንዳንዱ ምክንያት ስጡ።

በሚቀጥለው ሐለቃ መልሶቻችሁን ይዛችሁ እንገናኝ፣ ኢንሻአላህ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ትክክል የሆነው ከአላህ ነው፤ ስህተት ካለ ከእኛ ነውና አርሙን።

ወሏሁ አዕለም።

የዝግጅት ክፍሉ